ሞፈሩን የጣለው ማን ነው

ሰው የፍቅር ዘፈን ሰምቶ ሲያለቅስ አልፈርድበትም። ልጆቼ ግን ይፈርዱብኛል። አንድ የቆየ ዘፈን አለ፤ በሠርግ ቤት አዝማሪ ሲያነሣው፣ ወይም ጎረቤት በቴፕ ሲከፍተው፣ የያዝሁትን አስቀምጬ እሰማለሁ። እንባዬም ይመጣል። ትልቋ ልጄ አታልፈኝም። «እማዬ፣ የአባታችን የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ለሌላ ሰው ታለቅሻለሽ? ነውር አይደለም?» ትለኛለች። ነውር አይደለም። አባታቸውን ለብቻው አልቅሼዋለሁ። ይኼኛውም ለብቻው ነው። እንባ የመስኖ ውኃ አይደለም፤ ወደ አንዱ ማሳ ስለ ለቀቁት ሌላው አይደርቅም።

ደግሞም ዝም ብዬ የምሰማው ለማልቀስ ብቻ አይደለም። ዘፋኙ አንዲቱን ፊደል እንዴት እንደሚጠራት ለማወቅ ነው። ያንን ግጥም የገጠምሁት እኔ ነኝ። ይኼን የሚያውቁት ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ቤታችን ጋይንት፣ የቤተ ልሔም ደወል ከሚሰማበት መንደር ነበር። የእናቴ ወንድም እዚያው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። ልጆቻቸውን ፊደል ሲያስቆጥሩ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ጥጥ እፈትል ነበር። አንድ ቀን ልጃቸው ሲሳሳት ከበር ላይ አረምሁት። እሱን ቆነጠጡት፣ እኔን ግን አላባረሩኝም። እንዲህ እያልሁ የዮሐንስን መልእክት እስከ ማንበብ ደረስሁ። ከዚያ በላይ አባቴ «ድቁና ልትቀበል ነው እንዴ?» ብሎ አስቀረኝ። ከትምህርት ያገኘሁት ይኸው ነው።

የተዳርሁት ለእስቴ ሰው ልጅ ነው። አባቶቻችን ተነጋግረው ጨረሱ፤ እኔና እሱ የተያየነው በሠርጉ ቀን ነው። አባቴ ከርስቱ ከፍሎ አንድ የገብስ ማሳ ስለ ሰጠን ጎጆ የወጣነው እኛው አገር ነው። መጀመሪያ ፈራሁት። ከዚያ ለመድሁት። ከዚያ ወዲያ ምን እንደ ሆንሁ አላውቅም፤ ከእርሻ ሲመለስ የበሬዎቹን ኮቴ ከሰው በሬ ኮቴ ለይቼ እሰማ ጀመር። ጨዋታ ሲያወራ ሳይጨርስ ራሱ ቀድሞ የሚስቅ ሰው ነበር። በዚህ የተነሣ መጨረሻቸውን ያልሰማኋቸው ብዙ ጨዋታዎች አሉ። ገብሱ እሸት ሲሆን ማሳው ዳር እሳት አንድደን እንለበልበዋለን። እሱ በመዳፉ አሽቶ፣ ገለባውን እፍ ብሎ፣ የመጀመሪያዋን ጭብጥ ለእኔ ይሰጠኛል። ሌላው ወንድ መጀመሪያ ለራሱ ነበር የሚቅመው።

ልጅ ግን አልመጣልንም። እኛ ሳንጨነቅ እስቴ ያለው አባቱ ተጨነቀ።

ሰኔ ላይ፣ ማሳውን ለዘር ሲገለብጥ፣ ከእስቴ መልእክተኛ መጣ። አባትህ ታሟል፣ ቶሎ ና አለው። እኔ ምሳውን ይዤ ስደርስ ማሳው ግማሹ ታርሷል፣ ግማሹ አልታረሰም። በሬዎቹ ከነቀንበራቸው ቆመዋል። እሱ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ድንበሩን እያለፈ ነበር። «እመለሳለሁ፣ በሬዎቹን እንዲፈታ ለወንድምሽ ንገሪው» አለኝ። ምሳውን እንኳ አልበላም።

ወንድሜ ገበያ ወርዶ ነበር። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ስለዚህ በሬዎቹን ራሴ ፈታሁ፤ ሞፈሩን ከነእርፉ በትከሻዬ ተሸክሜ ወደ ቤት ገባሁ። መንደሩ ቆሞ አየኝ። ሴት ሞፈር ከተሸከመች ዝናብ ይሸሻል ብለው የሚያምኑ ነበሩ። አመሻሹ ላይ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ፤ የሚሸሽ ዝናብ አላየሁም።

አባቱ አልታመመም ነበር። የታመመው የልጅ ልጅ በማጣት ነው። እዚያው ከርስታቸው አጠገብ ርስት ያላት ሴት አዘጋጅተውለት ኖሮ፣ እሱ ሳይሆን ሽማግሎች ተመለሱ። «ምን አጠፋሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጥፋትስ የለብሽም፣ እግዜር ከልክሎሽ ነው» አሉኝ። የተጋባነው በሰማንያ ስለ ነበር ጥሪታችን እኩል ተከፈለ። ቀሪውን ማሳ ወንድሜ አረሰልኝ፣ ዘራሁ፣ አረምሁ።

ገብሱ ሲደርስ የቀድሞ ባሌ ሰው ላከ። ድርሻዬን አለ። አባቴ መልእክተኛውን በውሻ ሊያባርር ተነሣ። እኔ ከለከልሁት። የታረሰው ግማሽ በእሱ ላብ ነው የታረሰው። ከዚያ ግማሽ ላይ እኩሌታውን አስለክቼ ላክሁለት። እሱ ካላረሰው ግማሽ ግን አንዲት ዘለላ አልሰጠሁም። ሰው በደለኝ ብዬ ሰው አልበድልም፤ ግን ደግሞ አልሞኝም።

በዚያ ሰሞን ነው ከእናቴ ጓዳ የራሴን ገብስ እየፈጨሁ ይኼ ግጥም የወጣኝ።

ከእርሻው መካከል ሞፈርህን ጥለህ፣
በአጨዳው ሰሞን ማን ነኝ ትላለህ?

ማሳው ማሳ ነው። ማሳው እኔም ነኝ። ይኼን ለማንም አላስረዳሁም፣ ማስረዳትም አላስፈለገኝም። ጎረቤቶቼ ለራሳቸው ወፍጮ ወሰዱት። በአረም ጊዜ ልጃገረዶች ማሳ ለማሳ እየተቀባበሉ ዘፈኑት። ደስ አለኝ። አንድ ነገር እንኳ እኔ እንዳልሁት አገር ደገመው አልሁ።

በዓመቱ፣ አንድ ዓርብ፣ አርብ ገበያ ጨው ልገዛ ወርጄ ሳለሁ ከአንድ ጠላ ቤት ማሲንቆ ሰማሁ። ዜማው ረዘም ብሏል፣ ተንጠልጥሏል፣ በጣምም አምሯል። ቃሉ የእኔ ነው። ቆሜ ስሰማ ግን አዝማሪው እንዲህ ይላል፤

ከእርሻው መካከል ሞፈርሽን ጥለሽ፣
በአጨዳው ሰሞን ማን ነኝ ትያለሽ?

«ህ»ዋን «ሽ» አድርጓታል። በዚያች ምክንያት ጥሎ የሄደው ቀረና ጥላ የሄደችው እኔ ሆንሁ። በር ላይ የቆሙት ወንዶች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዱ «ሴት እኮ እንዲህ ናት» ይላል።

ዘፈኑ ከእኔ እግር ይልቅ ፈጣን ነበር። ወገዳ ገበያ ተዘፈነ ተባለ። እስቴ ተዘፈነ ተባለ። ከየት መንደር እንደ ወጣ የሚያውቅ ሰው አልጠፋምና ስም ወጣልኝ፤ «ሞፈር ጣይ»። ለአጎቴ ሄጄ ነገርኋቸው። ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝና «ሀ የፊደል ሁሉ መጀመሪያ ናት፤ ሸ ግን በግእዝ የለችም። ለአማርኛ የተጨመረች ናት። እንደሚመስለኝ ለሐሜት ነው የጨመሯት» አሉኝ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ግን ነገሩ እንዳለ ነበር።

ያን ጊዜ ከስማዳ፣ ከወገዳ በታች ካለ መንደር፣ ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። ደርባባ፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነው ይሉታል። ወድጄዋለሁ አልልም፣ አላውቀውም፤ ግን ቤት እንዲኖረኝ እፈልግ ነበር። አባቴ እሺ ሊል ሲል ከወዲያ በኩል ነገሩ ቆመ። የሰውዬው እናት «ሞፈር ጥላ የሄደች ሴት የልጄን ማሳ አትረግጥም» ብለዋል ተባለ። እናቴ «እንግዲህ ሌላ እስኪመጣ ጠብቂ» አለችኝ። እኔ ግን የጠላሁት ባሉን ማጣቴን ብቻ አልነበረም። ግጥሜ ተወስዶ በእኔው ላይ መመስከሩን ነው። እኔ ተናግሬ እኔ ተረታሁ።

ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ አርብ ገበያ አጠገብ ተዳረች። ዳሱ ሰፊ ነበር፤ በአንድ በኩል ወንዶች፣ በሌላው ሴቶች። ከምሳ በኋላ አዝማሪው ገባ። ያው ነው፣ የጠላ ቤቱ። ሴቶቹ መካከል አንድ ነጠላቸውን አጥብቀው የተከናነቡ አሮጊት አሉ፤ አጠገቤ ያለችው ሴት በክርኗ ጎሸም አድርጋ «የስማዳው ሰውዬ እናት ናቸው፣ ለሙሽራው ዘመድ ናቸው» አለችኝ። ለአሮጊቷም የነገራቸው ሰው ሳይኖር አልቀረም፣ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር።

አዝማሪው ሙሽሮቹን አሞገሰ፣ ሚዜዎቹን ሰደበ፣ ከዚያ ያንን ዘፈን ጀመረ። «ሞፈርሽን ጥለሽ» ሲል ከወንዶቹ በኩል ሳቅ ተሰማ። ተነሣሁ።

«ተቀበል» አልሁት።

ተቀበል የወንድ ቃል ነው። ሞቅ ያለው እንግዳ ይነሣና ተቀበል ይላል፤ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው የተሰጠውን ቃል በቃል መልሶ ይዘፍናል። ካጎደለ ውርደት ነው። ሴት ተቀበል ስትል በዚያ አገር የሰማ አልነበረም። ማሲንቆው ቆመ።

«እመቤቴ፣ እርስዎ ነዎት የተናገሩት ወይስ የጠጣሁት ጠላ ነው?» አለ።

«ጠላው አፍ የለውም። ተቀበል።»

«ተቀብያለሁ፣ ይበሉ።»

ግጥሜን እንደ ተወለደ ሰጠሁት። «ሞፈርህን ጥለህ፣ ማን ነኝ ትላለህ» አልሁ። እሱ የማሲንቆውን ደጋን ስቦ ዘፈነ፤ ምላሱ ለምዶ «ሞፈርሽን ጥለሽ» አለ።

«የሰጠሁህን እንጂ የለመድኸውን አላልሁህም» አልሁት።

«እመቤቴ፣ ምን ልዩነት አለው። አንዲት ፊደል ናት።»

«አንዲት ፊደል ብቻ ከሆነች መልሳት። አንተ ማሲንቆህን ይዘህ አገር ትዞራለህ። እስኪ ከእስቴ እስከ ስማዳ ስትዞር ሞፈር ይዛ የምታርስ ሴት የት አየህ? ያልያዘችውን እንዴት ትጥላለች?»

ዳሱ ሳቀ፤ አሁን ግን ሳቁ ወደ እሱ ነው የሄደው። «እውነትዋን ነው፣ ግጥሙ ላይ ያለው ሞፈር የሴት አይደለም» አለ አንዱ። አዝማሪው «ሞፈሩ ቅኔ ነው፣ ወርቁን ፈልጉ» ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ። ከወንዶቹ ጥግ የመንደራችን ሰው ተነሣ።

«አንቺው አይደለሽ እንዴ በትከሻሽ ተሸክመሽ ስትገቢ ያየንሽ? ሞፈርማ ታውቂያለሽ» አለኝ።

«የጣለው እሱ ነው፣ ያነሣሁት እኔ ነኝ። አንተም ቆመህ ነበር፤ አላገዝኸኝም» አልሁት። ተቀመጠ።

አዝማሪው ግን ሰው ነውና ተከፋ። «እመቤቴ፣ ግጥሙን ሰርቄ አላዛባሁትም። እስቴ ላይ አንድ ሰው ነው ተቀበል ብሎ የሰጠኝ። እንዲሁ፣ በሽ አድርጎ። እያለቀሰ ነበር። ደጋግሞ አስዘፈነኝ» አለ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ምን ልበልዎ። ሳቂታ ነበር መጀመሪያ። ጨዋታ ሲያወራ ሳይጨርስ የሚስቅ ዓይነት ሰው። ዘፈኑን ሲሰማ ነው የተለወጠው።»

ያ ሁሉ ሰው ባይኖር እቀመጥ ነበር። ግጥሜ ወንዝ ተሻግሮ እሱ ጋ ደርሷል። ሰምቶታል። ለእሱ እንደ ተነገረ አውቋል። ከዚያም መልስ እንደ መስጠት ፊደሏን ለውጦ ወደ እኔ መልሶ ላካት፤ የሄደው እሱ እንዳልሆነ፣ ጥዬው የሄድሁ እኔ እንደ ሆንሁ ራሱን አሳምኖ አለቀሰ። የሚናፍቀኝ መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ሁለቱ አብረው መጡ፤ አንዱ አንዱን አላሸነፈውም።

«ያልቅስ» አልሁ። «ማንም አልከለከለውም። ግን በራሱ ግጥም ያልቅስ።»

ከሽማግሎቹ አንዱ፣ ገብሱ ሲለካ የነበሩ የአገሩ ነገር አዋቂ፣ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ እሱም አዝኗል፣ አንቺም አዝነሻል። በሰማንያ የተጋባ ሰው ሲፋታ እኩል ነው። ይኼንንም እኩል ተካፈሉት፤ በጋይንት በህ ይዘፈን፣ በእስቴ በሽ ይዘፈን» አሉ። ሰው ሁሉ «ደግ ፍርድ» አለ፣ ፍርዱን ወደደው።

«አባቴ፣ እኩል የሚካፈሉት አብረው ያፈሩትን ነው» አልኋቸው። «በሬውን ተካፍለናል፣ ላሟን ተካፍለናል። ገብሱንም ባረሰው ልክ ሰጥቼዋለሁ፤ እርስዎ ራስዎ ያውቃሉ። ይኼ ግጥም ግን የተወለደው ከፍቺው በኋላ ነው። በሰማንያው ውስጥ አልነበረም። በእናቴ ወፍጮ ላይ፣ በእኔ ገብስ ላይ ነው የወጣው።»

ሽማግሌው በጭራቸው ጉልበታቸውን መታ አድርገው «ተረታሁ» አሉ። «አንተ፣ እንደ ሰጠችህ ዝፈን።»

አዝማሪው ዘፈነ። «ሞፈርህን ጥለህ» አለ። ያሸነፍሁ መስሎኝ ነበር። ግን ስሰማው ሌላ ነገር ሆነ። በሽ ሲዘፈን ዘፈኑ እኔን ነበር የሚወቅሰኝ፤ ስለዚህ ስሰማው መቆጣት ብቻ ነበር የሚሰማኝ። በህ ሲሆን ግን «አንተ» የሚለው እሱን ነው። ከተለየን ጀምሮ እሱን «አንተ» ብዬ ጠርቼ አላውቅም ነበር። በአንድ ጊዜ የተለበለበ ገብስ ሸተተኝ፣ ገለባው ሲበን ታየኝ፣ መጨረሻቸውን ያልሰማኋቸው ጨዋታዎች ሁሉ ትዝ አሉኝ። ፊደሌን ሳስመልስ ናፍቆቴም አብሮ ተመለሰ። በዳሱ መካከል ቆሜ አለቀስሁ፤ ነጠላዬንም ወደ ፊቴ አልሳብሁም።

ስቀመጥ አሮጊቷ ከቦታቸው ተነሥተው መጡ። «ጥለሽው እንዳልሄድሽ ሰማሁ» አሉኝ። «አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ለሌላ ወንድ እንዲህ የምታለቅስ ሴት ለልጄ ምን ትሆነዋለች?»

«እማማ፣ ልጅዎ የሞተችበትን ሚስቱን ያለቅሳል?»

«ያለቅሳል እንጂ። እስካሁን ያለቅሳል።»

«እሱ ሲያለቅስ ሰው ምን ይላል?»

«ደግ ባል ነበረ ይላል።»

«እሱ ሲያለቅስ ደግ ከተባለ፣ እኔ ሳለቅስ ምን ልባል?»

ነጠላቸውን እያጠበቁ «ምላስሽ ቤት ያፈርሳል» አሉኝና ሄዱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ሽማግሎቹ ከስማዳ ተመልሰው መጡ። አባቴ ቃል ከመስጠቱ በፊት አንድ ነገር አስነገርሁ፤ ስፈጭ የምዘፍነውን ማንም እንዳይከለክለኝ። ሰውዬው የላከው መልስ «እኔም ሳርስ የምዘፍነው አለኝ» የሚል ነበር። ያን ጊዜ ነው ልወደው እንደምችል ያወቅሁት።

ስማዳ እንደ ገባሁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ገብስ ልፈጭ ተቀመጥሁ። ዘፈኔን ዘፈንሁ። አማቴ በመደቡ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይዳምጡ ነበር፤ አልከለከሉኝም። ስጨርስ «ለዚያችኛዋም አንድ ግጠሚላት» አሉኝ። የሞተችውን የልጃቸውን ሚስት ማለታቸው ነው። «ልጄ ዜማ እንጂ ቃል የለውም። ዝም ብሎ እዬዬ ነው የሚለው።»

«አላውቃትም እኮ፣ እማማ። ምን ዓይነት ሴት ነበረች?»

«ደግ ነበረች። እንደ እርግብ ገራም።»

መጁን አቆምሁ። «በእውነት ደግ ነበረች ወይስ ስለ ሞተች ነው ደግ የሚሏት? በማላውቃት ሴት ላይ አልዋሽም። የኖረችውን ይንገሩኝ።»

አማቴ የሚዳምጡትን ጥጥ አስቀመጡ። ዙሪያውን አዩ፣ ልጃቸው በቤት እንዳልነበረ አረጋገጡ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ቁጡ ነበረች» አሉ። «ምን ቁጡ ብቻ፣ እኔን ታስፈራኝ ነበር። ፀሐይ ሳይወጣ ትነሣና ቤቱን ታንጫጫዋለች። አሁን እኮ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነው የሚገድለኝ።»

«እንግዲያው ቁጡ ብዬ ነው የምገጥም።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው እሷን ያወቀ እንደ ሆነ እውነት ነው ይላል።»

ገብሱን ጨምሬ መፍጨት ጀመርሁ። ቁጣሽ ከቤት ሲወጣ ጎጆው ጭር አለ የሚል ነገር ነበር የገጠምሁት፤ ዛሬ ሙሉው አይመጣልኝም። ያ ግጥም የእኔ ሳይሆን የእነሱ ስለ ሆነ ከእኔ ጋር አልቆየም። አማቴ ግን ቁጣሽ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ማልቀስ ጀመሩ፤ ዱቄቱ እስኪያልቅ አላቆሙም፣ እኔም አላቆምኋቸውም።